«ኮዴ ይሠራል፣ ግን አይነበብም ተባልኩ» ላልከው

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። «ኮዴ ይሠራል፣ ቴስቱንም አልፏል። ሲኒየሩ ግን ‹አይነበብም› ብሎ መለሰልኝ። ኮሜንት ልጨምርበት ወይስ ምን ላድርግ?» ነው ያልከው። ብዙዎቹ መላሾች ኮሜንት (ኮዱ መሃል ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማብራሪያ) ጨምርበት ብለውሃል። እኔ አልስማማም። አብዛኛውን የሥራ ጊዜዬን ያሳለፍኩት ሌላ ሰው ጽፎት የሄደውን ኮድ ስጠግን ነው። ስለዚህ የምነግርህ ከአንባቢው ወገን ሆኜ ነው።

የለጠፍካትን ኮድ የትኛውንም ቋንቋ የሚጽፍ ሰው እንዲከተለን በአማርኛ ልገልብጣት፦

ለእያንዳንዱ ኤክስ ከዳታ ውስጥ፦
    ኤክስ[3] = 1 ከሆነ፦
        አሁን − ኤክስ[5] > 2592000 ከሆነ፦
            ላክ(ኤክስ[2]፣ እውነት)

አራት መስመር ብቻ ናት። ግን እሷን ለማንበብ ስንት ነገር በጭንቅላቴ መያዝ አለብኝ? ኤክስ ማነው? 3 ቁጥር ላይ ያለው 1 ምን ማለት ነው? 2592000ን ለ86400 (ለአንድ ቀን ሰከንዶች) ሳካፍለው 30 ቀን ሆኖ ተገኘ። ያንተ ጭንቅላት ውስጥ 30 ቀን የነበረው ነገር ኮዱ ላይ ሲደርስ ግን ትርጉሙን ጥሎ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። «እውነት» የሚለውስ? ምኑ ነው እውነት? ይህን ለማወቅ «ላክ» የተጻፈበትን ፋይል መክፈት ግድ ነው።

አሁን ከላይዋ «ከ30 ቀን በላይ ላልገቡ ደንበኞች ኢሜይል ይላካል» የሚል ኮሜንት ብትለጥፍ ለዛሬ ይጠቅማል። ነገ ግን አንዱ መጥቶ ቁጥሩን 5184000 ያደርገዋል፣ ኮሜንቱን አይነካውም። ኮሜንትን ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) አያነበውም፣ ቴስትም አይፈትነውም። አንድ ቦታ ስሠራ ኮሜንቱ «3 ጊዜ ይሞክራል» ይላል፣ ኮዱ 5 ጊዜ ይሞክራል። የቱ ነው ትክክል? የሚያውቅ ሰው የለም። የጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው መሣሪያ) ታሪክ ውስጥ ገብተን ስንፈልግ ዋልን። ኮሜንቱ ባይኖር ኖሮ እኮ ማንም አይጠራጠርም ነበር!

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋታለሁ፦

የዝምታ_ገደብ_በሰከንድ = 30 × 24 × 60 × 60

ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከደንበኞች ውስጥ፦
    ደንበኛው ንቁ ካልሆነ፦ እለፈው
    አሁን − ደንበኛው_የገባበት_ሰዓት ≤ የዝምታ_ገደብ_በሰከንድ ከሆነ፦ እለፈው
    ማስታወሻ_ላክ(ደንበኛው_ኢሜይል፣ ቅጂ_ለአስተዳዳሪ = እውነት)

መስመሩ ጨምሯል፣ ድካሙ ቀንሷል። የማይመለከተን ደንበኛ ገና በር ላይ ተሸኘ። መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ «የትኛው ኢፍ («ከሆነ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ) ውስጥ ነው ያለሁት?» ብዬ አልጠይቅም። የሊኑክስ ከርነል የኮድ አጻጻፍ መመሪያ ይህን ጉዳይ በጣም ነው የሚያከረው። አንዱን ኢንደንት (መስመሩ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ክፍተት) 8 ካራክተር ያደርገውና፣ ከ3 እርከን በላይ ካስፈለገህ ፕሮግራምህን አስተካክል ይልሃል። እኔ እንደዚያ ድርቅ አልልም። ግን አራተኛው ኢፍ ውስጥ ስገባ ለማየት ቆም እላለሁ።

ስም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትልቁ ጣጣ እዚያ ነው። «ሰዓት»፣ «ርቀት»፣ «መጠን» የሚባሉ ቫሪያብሎች (ዋጋ የሚይዙ ስሞች) አሃዳቸውን ካልያዙ ለጠብ ይዳርጋሉ። ሰዓቱ በሰከንድ ነው በሚሊሰከንድ? እ.ኤ.አ. በ1999 የናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር ማርስ ላይ ሲደርስ የጠፋው መሬት ላይ ያለው ሶፍትዌር ግፊቱን በፓውንድ-ፎርስ ሰከንድ ሲያወጣ ተቀባዩ ወገን በኒውተን ሰከንድ ስለጠበቀ ነው። የቫሪያብል ስም ብቻውን ያድነው ነበር አልልም፣ የፍተሻም የቅንጅትም ችግር ነበረበት። ግን ስሙ ላይ አሃዱ የተጻፈበት ቁጥር ባለፈ ባገደመበት ሁሉ ራሱን ያስተዋውቃል።

ሌላው፣ አንድን ነገር በአንድ ስም ብቻ ጥራ። አንዱ ፋይል ላይ «ደንበኛ»፣ ሌላው ላይ «ተጠቃሚ»፣ ዳታቤዙ ላይ «አካውንት» የሚባልበት ሲስተም ተረክቤ አውቃለሁ። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው ብለን ስንሠራ ከረምን። ለካስ «አካውንት» አልፎ አልፎ ድርጅት ነው፣ በውስጡም ብዙ ተጠቃሚ ይኖራል። ሪፖርቱ ለምን ቁጥር እንደሚያበዛ የገባን ያኔ ነው። የሥራው ሰዎች በየቀኑ የሚጠሩበትን ስም ያዝ፣ ከዚያ አትልቀቀው። ስም ጠፍቶብህ «ዳታ»፣ «ማናጀር»፣ «ፕሮሰስ» ማለት ከጀመርክ ደግሞ ችግሩ የስም ላይሆን ይችላል። ፈንክሽኑ (በአንድ ስም የሚጠራው የኮድ ክፍል) ሦስት ሥራ ደርቦ ይሆናል፣ ሦስት ሥራ ለሚሠራ ነገር ደግሞ ደህና ስም አይገኝለትም።

እዚህ ላይ «ፈንክሽን ከ5 መስመር አይብለጥ» የሚሉህን አትስማቸው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠራውን ሁለት መስመር ሁሉ እየቆረጥክ ካወጣህ፣ አንባቢህ ከፋይል ፋይል ሲዘል ይውልና የጀመረበትን ይረሳዋል። ከላይ ወደ ታች በተራ የሚወርድ 40 መስመር ኮድ ተበጣጥሶ ከተበተነው ይሻለኛል። ቆርጠህ የምታወጣው የወጣው ነገር ስሙ ብቻ በቂ ሲሆን ነው፣ ማለትም ውስጡን ሳያዩ ማለፍ ሲቻል።

አንድ መስመር ላይ አምስት ነገር ጠቅልሎ መጻፍም አለ። ሲጽፉት ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ባግ (ስህተት) ሲመጣ ግን ዲበገሩን (ኮዱን መስመር በመስመር እያስቆመ የሚያሳየውን መሣሪያ) የት ላቁመው?

ስለ ክፍተት፣ ስለ ቅንፍ፣ ስለ መስመር ርዝመት አትከራከር። ፓይዘን ፔፕ 8 የሚባል የአጻጻፍ መመሪያ አለው፣ መስመር በ79 ካራክተር ይገደብ ይላል። ጎ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ የራሱ ፎርማተር (አጻጻፉን በራሱ የሚያስተካክል ፕሮግራም) አለው። ቲሙ አንዱን ይምረጥና ማሽኑ ያስተካክለው። ይህን እንደ ቁንጅና ብቻ አትየው ግን። እ.ኤ.አ. በ2014 አፕል የደኅንነት ኮዱ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» (የቀረውን ዘለህ ወደ መውጫው ሂድ) የምትል አንዲት መስመር ተደግማ ተገኝታ ነበር። ከላይዋ ያለው ኢፍ ቅንፍ የለውም። ሁለቱም መስመሮች እኩል ገባ ብለው ስለተጻፉ ለዓይን ሁለቱም የኢፉ ይመስላሉ። ሲ ቋንቋ ግን ኢንደንት አያይም። የኢፉ የመጀመሪያዋ ብቻ ናት፣ ሁለተኛዋ ሁልጊዜ ትሠራለች። በዚህ የተነሳ የሰርቨሩ ፊርማ ሳይረጋገጥ ይታለፍና ውጤቱ «ደህና ነው» ሆኖ ይመለስ ነበር። ሰውና ማሽን አንዱን ኮድ ለየቅል አነበቡት።

ታዲያ ኮሜንት አይጻፍ? ይጻፍ እንጂ! ኮዱ በራሱ ሊናገር የማይችለው ነገር አለ፣ እሱም «ለምን» የሚለው ነው። «ለምን 30 ቀን? ውሉ ላይ ያለው ገደብ ስለሆነ።» «ለምን እዚህ ሁለት ሰከንድ እንጠብቃለን? ያኛው ሲስተም ቶሎ ቶሎ ከጠየቁት ስለሚዘጋ።» እንዲህ ያለው ኮሜንት ወርቅ ነው። አንዱ «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል» ብሎ እንዳያጠፋው ያደርጋል።

አሁን ወደ ሥራህ። መጀመሪያ ስሞቹን ብቻ ቀይርና ለብቻው ኮሚት አድርግ (ጊት ላይ መዝግበው)። ቀጥለህ ኢፎቹን ዘርጋ፣ ቴስቱን አስኪድ፣ ሌላ ኮሚት። የሎጂክ ለውጥ አትቀላቅልበት። ለምሳሌ «ሰከንዱ ያስጠላል፣ በሙሉ ቀን ልቁጠረው» ብትል ቀላል ይመስላል። ግን ከገባ 30 ቀን ከ5 ሰዓት የሆነው ደንበኛ በድሮው ኮድ ኢሜይል ይደርሰዋል፣ በአዲሱ 30 ከ30 ስለማይበልጥ ይታለፋል። ይህ ማሳመር አይደለም፣ የአሠራር ለውጥ ነው። ለብቻው ይቅረብ።

ከመላክህ በፊት ፕሮጀክቱን የማያውቅ አንድ ጓደኛህን ጥራና ኮዱን ጮክ ብሎ እንዲያነብልህ አድርግ። አንተ ዝም በል። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው፣ አፍህ ለማስረዳት ይቸኩላል። ልታስረዳው የፈለግክባት መስመር ናት የምትስተካከለው።

ሲኒየሩ ከዚህ በኋላም ከመለሰልህ የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ጠይቀው። «አይነበብም» ብቻ ብሎ መመለስ ሪቪው (የኮድ ግምገማ) አይባልም፣ እሱም ቢሆን የሚነበብ ኮሜንት መጻፍ አለበት።