ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ ላልሽው

እህትዓለም፣ የሦስት ወር የምልክት ቋንቋ ሥልጠና ጨርሰሻል። አሁን አንድ ጤና ጣቢያ መስማት ለተሳናት ነፍሰ ጡር እንድታስተረጉሚ ጠርቶሻል። «ያለ ፈቃድ ብሠራ እጠየቃለሁ? አሜሪካ ያለ ላይሰንስ አይቻልም ይባላል» ነው ያልሽው።

እኔ እዚሁ ጎንደር ስምንት ዓመት አስተርጉሜያለሁ። ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ሠርግ፣ ለቅሶ። እስካሁን «ፈቃድህን አሳየን» ያለኝ የለም። በማስታወቂያ ለሚወጣ ቅጥር የትምህርት ማስረጃና የሥራ ልምድ ይጠየቃል። በስልክ ለሚጠራ ሰው ግን «ምልክት ትችላለህ?» «እችላለሁ» ካለ አለቀ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

የአሜሪካው እንደሚወራው አይደለም። ለመላ አገሪቱ የሚሠራ አንድ ፈቃድ የለም። አንዳንዱ ስቴት ይጠይቃል፣ አንዳንዱ አይጠይቅም። በ1964 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የአስተርጓሚዎች ማኅበር አላቸው፤ ለብሔራዊው የብቃት ማረጋገጫ ፈተና የሚቀመጥ መስማት የሚችል ሰው ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ልምድ ሊኖረው ይገባል። ያም ቢሆን ለአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ነው። የእኛ ሌላ ቋንቋ ስለሆነ ያ ወረቀት እዚህ አይሠራልሽም።

ከእነሱ ሕግ የወደድኩት ግን አንድ ነገር አለ። ብቁ አስተርጓሚ የሚሉት በትክክል፣ ሳያዳላ፣ የሙያውን ቃል ጨምሮ የሚያስተረጉመውን ነው፤ ሲያስተላልፍም ሲቀበልም። «ሲቀበልም» የሚለውን ያዥው። ሦስት ወር የተማረ ሰው የራሱን ሐሳብ በእጁ ይናገራል። ሰውየው ፈጠን አድርጎ ሲመልስለት ግን ግማሹ ያመልጠዋል።

እኔም ደርሶብኛል። በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሽማግሌ ይዤ ሐኪም ቤት ገባሁ። ሐኪሙ «በቀን ሦስቴ አንድ አንድ» አለ። እኔ «ሦስት፣ በቀን» ብዬ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ገብቷቸዋል ብዬ ወጣን። ለካ ሦስቱንም ባንዴ ነበር የሚውጡት። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ። ደግነቱ ተረፉ። ያኔ የገባኝ፣ ያ መነቅነቅ «እያየሁህ ነው» ማለት እንደነበር ነው። ከዚያ ወዲህ «ገባዎት?» ብዬ አልጠይቅም። «እንዴት ነው የሚወስዱት? ያሳዩኝ» ነው የምለው።

የመድኃኒት ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጣት ፊደል፣ ማለትም ፊደል በፊደል በእጅ እየተጻፈ ነው የሚሄደው። የእኛ ጣት ፊደል ሰባቱንም ሆሄ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። ካዕቡን ከሣልሱ ካምታታሽ ሌላ ቃል ሆነ። እሱን እስኪሰለችሽ ተለማመጂ።

ፍርድ ቤት ቢጠሩሽ ለጊዜው እምቢ በይ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ያ መብት በአንቺ እጅ እንዳይበላሽ። ማደግ ከፈለግሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል። ከዚያ በፊት ግን መስማት ከተሳናቸው ጋር ቡና ጠጪ፣ ሲጨዋወቱ ቁጭ ብለሽ እዪ። እኔን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ዛሬም ስሳሳት እጄን ይዘው ያርሙኛል።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ከቀጠሮው ቀደም ብለሽ ሄደሽ ተዋወቂያት። ስለ ቤቷ፣ ስለ ልጆቿ ጠይቂያትና የምትልሽን ሳታስደግሚ መከተል መቻልሽን እዪ። ሴት መሆንሽ በራሱ ይጠቅማታል፤ ባሏ ወይም አማቷ ሲያስተረጉሙላት ስንቱን ነገር ትውጠዋለች። የምትነግርሽ ካንቺ እንደማይወጣም ንገሪያት። ከዚያ «እኔ ልግባልሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ካመነታች ለጤና ጣቢያው «ከእኔ የበሰለ ሰው ጥሩላት» በይ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ከእኔ ጋር የምትሠራ ጎበዝ ልጅ አለች፣ አገናኛችኋለሁ።