መልስ፦ ሚስቲክ የፕሮፌሰር ኤክስ እህት ናት?

በኤክስ-ሜን ፊልሞች መልኳን የምትለዋውጠው ሚስቲክ (ሬቨን) ከቡድኑ መሪ ከፕሮፌሰር ኤክስ (ቻርልስ) ጋር እንደ እህትና ወንድም ስታድግ አይተህ፣ የገዛኸው የኮሚክስ ቅጽ ግን ይህን ስለማይል ተሳስቶ እንደሆነ ጠይቀሃል። በኮሚክሱ እህቱ አይደለችም። የገዛኸው ቅጽ አልተሳሳተም። ፊልሙ ላይ ያየኸው የልጅነት ታሪክ፣ ማለትም የተራበችው ትንሿ ሬቨን የቻርልስን እናት መስላ ወጥ ቤት ውስጥ የተገኘችበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ለወጣው ፊልም የተፈጠረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ብቅ ያለችው የኮሚክሷ ሚስቲክ የራሷ ቤተሰብ አላት። ሌላዋን የኤክስ-ሜን ገጸ ባህሪ ሮግን በጉዲፈቻ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ የዕድሜ ልክ ፍቅሯ ደግሞ የወደፊቱን የምታየው ዓይነ ስውሯ ዴስቲኒ ናት። የማንም ተከታይ አይደለችም። በ1981 በታተመው ታሪክ የራሷን ቡድን እየመራች እንደ እሷ ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱትን ሰዎች የሚቃወመውን ሴናተር ኬሊን ለመግደል ትነሣለች። የ2014ቱ ፊልም ይህንኑ ታሪክ ወስዶ ዒላማዋን እነዚህን ሰዎች የሚያድኑ ሮቦቶችን የሚሠራው ትራስክ አደረገው፤ ትተኩሳለች ወይስ አትተኩስም የሚለውንም የፊልሙ ልብ አደረገው። ተዋናይቱ ግሩም ናት፤ እኔ ግን የኮሚክሷን አብልጬ እወዳለሁ። ልጆቿን ከልቧ ትወዳለች፤ ያም ሆኖ ትዋሻቸዋለች፣ ትከዳቸዋለች። ፊልሞቹ ይህን እናትነት መንካት አልደፈሩም። በ2003ቱ ፊልም በኮሚክሱ ልጇ ከሆነው ከናይትክሮለር ጋር ፊት ለፊት ስታወራ እንኳ ልጇ መሆኑ አይነሣም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ኮሚክሱ ራሱ ታሪኩን ይለውጣል። ለዓመታት የናይትክሮለር ወላጅ እናት ሚስቲክ፣ አባቱ ደግሞ አዛዜል የተባለ ገጸ ባህሪ ነበሩ። በ2023 በወጣው እትም ግን የወለደችው ዴስቲኒ ሆነች፤ ሚስቲክ ደግሞ መልኳን ለውጣ አባቱ ሆነች። ብዙ አንባቢዎች የድሮውንና የአዲሱን ታሪክ እያምታቱ ሲከራከሩ አያለሁ። ስለዚህ ከማንበብህ በፊት ቅጹ የታተመበትን ዓመት ተመልከት።