የእግር ችፌ፦ ሲስተርን ጠይቁ

ሲስተር፦ ዕድሜዬን በቆዳ ክፍል ነርስነት ጨርሼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠይቁ። ግን የት ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ጫማ የሚለውን ሳትጽፉ አትምጡ።

የሱሉልታው፦ ላም አረባለሁ፤ የጎማ ቦቲ ከጠዋት እስከ ማታ አላወልቅም። የሁለቱም እግሬ ላይኛው ክፍል ያሳክከኛል፣ ይሰነጠቃል። የጣቶቼ መካከል ደህና ነው። ቅባት ስተው ይመለስብኛል።

ሲስተር፦ ጎበዝ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ! ጫማው የሚነካው ቦታ ብቻ ከሆነና ሁለቱም እግር እኩል ከያዘው፣ መጀመሪያ ጫማውን ጠርጥር። ጎማ ውስጥ የሚገቡ ኬሚካሎች፣ በቆዳ ጫማ ደግሞ ቆዳው የለፋበት ክሮም የሚባል ኬሚካል፣ ላብ ሲያገኛቸው ይወጣሉ። ሰውነት አንዴ ከጠላቸው አይረሳም። አንድ ታካሚ ነበረኝ፤ የጎማ ነጠላ ጫማው ማሰሪያ በእርሳስ የተነደፈ ይመስል እግሩ ላይ ቀልቶ ታትሟል። ስድስት ወር ቅባት ሲቀያይሩለት ጫማውን ያየለት የለም! ቦቲውን በፕላስቲክ ቀይረው፤ የጥጥ ካልሲህን ምሳ ሰዓት ለውጥ። ማታ በለብታ ውሃ ታጥበህ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን። የታዘዘልህ የስቴሮይድ ቅባት (ማሳከክና መቅላት የሚያበርደው) ከሆነ፣ ከእጅህ አመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚደርስ ሁለት መስመር ለአንድ እግር ይበቃል።

የኮዬ ፈጬው፦ ሲስተር፣ ምን ቅባት ይሻላል?

ሲስተር፦ ለምኑ?

የኮዬ ፈጬው፦ ለእግር።

ሲስተር፦ ኤጭ! ከላይ ያልኩትን አንብብ።

የቡራዩዋ፦ በጣቶቼ መካከል ነጭ ሆኖ ይላጣል፣ ይሸታል። ቤታሜታዞን ስቀባ ማሳከኩ ቆመ፣ ግን እየሰፋ ነው።

ሲስተር፦ አቁሚ! ፈንገስ ይመስላል። ቤታሜታዞን ስቴሮይድ ነው፤ ማሳከኩን ዝም ያሰኝና ፈንገሱን ያደልበዋል። ቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይልሽ።

የሰበታው፦ እናቴ በነጭ ሽንኩርት ነው የምታድነው።

የለገጣፎዋ፦ የእህቴን እግር ውሃ አስቋጥሮታል፤ ተው እባክህ።

የሰበታው፦ አብዝታ ነዋ!

የለገጣፎዋ፦ እግር እኮ ነው፣ ቁሌት አይደለም።

የሰበታው፦ ጠበልስ?

ሲስተር፦ በጠበል አልከራከርም፤ ከተጠመቃችሁ በኋላ የእግር ጣታችሁን መካከል አድርቁ። ነጭ ሽንኩርት ያቃጥላል፤ በቃ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦ አባቴ ዕድሜያቸውን በባዶ እግር ነው ያረሱት፤ እግራቸው ከታች ወደ ላይ ያብጣል።

ሲስተር፦ ዝሆኔ እንዳይሆን። ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ይዘሻቸው ሂጂ።

የኮዬ ፈጬው፦ ሲስተር፣ ቅባቱን አልነገሩኝም።

ሲስተር፦ ምን ጫማ ታደርጋለህ?

የኮዬ ፈጬው፦ ሲሚንቶ ነው የማቦካው። በጎማ ቦቲ።

ሲስተር፦ አይ ልጄ! ሲሚንቶም እኮ ክሮም አለበት። ቦቲው ውስጥ ሲገባብህ ማታን አትጠብቅ፣ እዚያው ታጠብ። የቀረውን ለሱሉልታው ጽፌዋለሁ።