አያቴ «በሽተኛ» አትበል አሉኝ፤ ለምን?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ከአዘዞ ነው። ስለ ታመመችው ጎረቤታችን «በሽተኛዋ ተሻላት?» ብዬ ስጠይቅ አያቴ «ኧረ ወዲያ! አሟታል በል» ብለው ተቆጡኝ። በሽታና ሕመም አንድ አይደሉም እንዴ? ደግሞ «በሽታ» የመጣው «ሽታ» ከሚለው ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አያትህን ስማቸው፤ ጆሯቸው ከብዙዎቻችን ይሻላል።

በሽታ ስም ያለው ነገር ነው። ወባ፣ ኩፍኝ፣ ስኳር፣ ካላዛር። ሐኪም ፈልጎ ያገኘዋል፣ ካርድ ላይ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱም ከሰው ሰው ይጋባል። ሕመም ግን ሰውየው ራሱ የሚሰማው ነው። «ደም ብዛት አለብኝ፣ ግን አያመኝም» የሚል ስንት ሰው አለ! በሽታው አለ፣ ሕመሙ የለም። ተገላቢጦሹም አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያምህ አድረህ ጠዋት ላቦራቶሪ «ምንም የለብህም» ይልሃል።

የከተማችን የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም የተቋቋመው ወባ እዚሁ አጠገባችን ያለውን ደንቢያን ከፈጀ በኋላ ነው። እስኪ «ሕመም ደንቢያን ፈጀ» ብለህ ሞክረው። አፍህ እንቢ ይልሃል። የሚፈጀው በሽታ ነው። ጉንፋን ይይዛል፣ ምች ይመታል፣ ቡዳ ይበላል፤ ሁሉም ከውጭ መጥቶ ሰው ላይ የሚያርፍ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን «አመመኝ» ነው። «ራሴን አመመኝ» ስትል አድራጊው አንተ አይደለህም፤ ድርጊቱ የሚያርፈው አንተ ላይ ነው፣ «ኝ» የምትለዋ ያንን ትናገራለች። «ራሴን» ላይ ያለችው «ን» ደግሞ የትኛው ቦታህ እንደሆነ ታመለክታለች። ለዚህ ነው አስታማሚ ሲጠይቅ «ምንህን ነው የሚያምህ?» የሚለው። «ምን አመመህ?» የሚልም አለ፣ ስህተት አይደለም፣ ግን «ምንህን» ጣት አውጥቶ ሆድህን፣ ወገብህን እየነካ የሚጠይቅ ይመስላል። ሌላ ቋንቋ አፍ የፈቱ ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ «ራሴ አመመ» ይሉና ራሳቸውን ሌላ ሰው ያደርጉታል።

ወደ ጎረቤታችሁ ልመለስ። «ኛ» ሰውን በያዘው ነገር የምትሰይም ቅጥያ ናት፦ ነገረኛ፣ እስረኛ፣ ስደተኛ። «በሽተኛ» ስትል ሴትዮዋን በበሽታው ሰየምካት፤ «አሟታል» ስትል ግን ዛሬ ያገኛትን ነገር ተናገርክ፣ ነገ «ተሽሏታል» ትላለህ። «ሕመምተኛስ? እሱም ኛ አለበት» ትለኝ ይሆናል። አለበት፣ ግን ለጆሮ ለስለስ ይላል። ሐኪም ቤት ከሆነ ደግሞ «ታካሚ» አለልህ። አንድ ጊዜ ክሊኒክ ተራ ስጠብቅ ነርሷ ብቅ ብላ «በሽተኛው ማነው?» ስትል አንዲት እናት ልጃቸውን አቅፈው «በሽተኛ የለም፣ ልጄን አሞት ነው» አሏት። ነርሷ ሳቀች፣ እኔ ግን ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።

ድንበሩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው አልልህም። «የልብ በሽታ»ም «የልብ ሕመም»ም ይባላል። ባለሙያዎች አሁን «የአእምሮ ሕመም» ማለቱን ያዘወትራሉ፣ ጥሩ አደረጉ። «ቁምጥና» ስድብ ስለሆነም «ሥጋ ደዌ» ተመርጧል፤ ደዌ የግዕዙ ቃል ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ «ከደዌ ሥጋ ከደዌ ነፍስ ይሰውረን» ሲባል ትሰማዋለህ። በንግግርማ ቃሎቹ ከሐኪም ቤት ከወጡ ቆይተዋል። «በሽታህ ምንድን ነው?» የሚልህ ሰው ተቆጥቷል እንጂ ሊያክምህ አይደለም፤ «አሞሃል እንዴ?» ካለህም አብደሃል ማለቱ ነው።

የ«ሽታ»ን ነገር አልቀበለውም። ፊደሉ ይመሳሰላል፣ አነባበቡ ግን ይለያያል። «በሽታ ያዘው» ስትል «ሽ» ትጠብቃለች። «ውሻ ጌታውን በሽታ ያውቀዋል» ስትል ግን የምትጠብቀው «ታ» ናት። ጮክ ብለህ ሁለቱንም በላቸው፣ ትሰማዋለህ። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላቱን ስለማያሳይ ነው እንዲህ ያለ ተረት የሚፈለፈለው።

ጎረቤታችሁን «እግዜር ይማርሽ» በልልኝ። አያትህ እየሰሙ ይሁን።