ውሻችን ላይ ቁንጫ መኖሩን እንዴት እናውቃለን? ከቤትስ እንዴት እናጠፋዋለን?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ውሻሽ ሌሊቱን ሲታከክ ያድራል። ፀጉሩን ገላልጠሽ ብታዪ ምንም አላገኘሽም። በሻምፖ አጠብሽው፣ ለጥቂት ቀን ተሻለው፣ ከዚያ እንደገና ባሰበት። ቤት ውስጥ ድመትና ትንሽ ልጅ ስላሉ ደግሞ መርዝ መርጨቱን ፈርተሻል። ለዓመታት ውሾች አሳድጌያለሁ፤ ከቁንጫ ጋርም ብዙ ታግያለሁ። የማውቀውን ልጻፍልሽ። ትንሽ ይረዝማልና ታገሺኝ።

መጀመሪያ ቁንጫ መሆኑን እናረጋግጥ። ቁንጫ አላየሁም ማለት ቁንጫ የለም ማለት አይደለም። ጎልማሳ ቁንጫ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ቀላ ያለ ጥቁር ቡናማ ነው። ገላው ከጎንና ከጎን የተጨፈለቀ ስለሆነ በፀጉር መሀል ሹልክ እያለ ያመልጣል። በዚያ ላይ ውሻው ራሱን ሲልስና ሲነክስ ብዙዎቹን ይውጣቸዋል። የቁንጫ አለርጂ ያለበት ውሻ ላይማ አንድም ቁንጫ ሳታገኚ ቆዳው ተልጦ ልታዪ ትችያለሽ። አለርጂው የሚነሳው ከቁንጫው ምራቅ ነው። ጥቂት ንክሻ ብቻ ለብዙ ቀን ሊያሳክከው ይበቃል።

ስለዚህ ኩሱን ፈልጊ። ነጭ ጨርቅ አንጥፊና ውሻውን ላዩ ላይ አቁሚው። ጥርሱ በጣም የተጠጋጋ ማበጠሪያ ያዢ። ለቁንጫ ተብሎ የሚሠራ አለ፤ ካጣሽ የቅማል ማበጠሪያም ይሆናል። ከጅራቱ ሥር ከፍ ብሎ ካለው ወገቡ ጀምሪ፤ ብዙ ጊዜ መናኸሪያቸው እሱ ነው። ከዚያ የኋላ እግሮቹን የውስጥ ጭን፣ ሆዱን፣ አንገቱን፣ ከጆሮው ጀርባ ያለውን እያበጠርሽ ሂጂ። ማበጠሪያው ቆዳው ድረስ መግባት አለበት፤ ከላይ ከላይ ፀጉሩን ማለስለስ ምንም አያወጣም። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ጥቁር ብናኝ ጨርቁ ላይ ከረገፈ ሰብስቢውና እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጊው። ትንሽ ጠብቂ። ዙሪያው ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቁንጫው ከውሻሽ የመጠጠው ደም ማለት ነው። አፈር ከሆነ ቀይ አይለቅም። ከሁሉም ምልክት በላይ እኔ የማምነው ይሄን ነው።

እያበጠርሽ ቁንጫ ከያዝሽ በጥፍርሽ አታፍርጪው። ፈሳሽ ሳሙና የተጨመረበት ውሃ አጠገብሽ አስቀምጪና ማበጠሪያውን እዚያ ንከሪው። ሳሙናው ስላለ ይሰምጣል። ባዶ ውሃ ከሆነ ግን ተንሳፍፎ እንደገና ሊዘል ይችላል።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። በመቀመጫው ዙሪያ ወይም በሚተኛበት ጨርቅ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ነጭ ነገር ካየሽ የኮሶ ትል ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ውሻ ይሄን ትል ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ቁንጫ ሲውጥ ነው። ስለዚህ ትሉን ካየሽ ቁንጫ አለ ወይም ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለትሉም የራሱ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ትንሽ ልጅም ቁንጫ በድንገት ከዋጠ ሊይዘው ስለሚችል፣ ልጅሽ ውሻው የሚተኛበት ቦታ ላይ እንዳይጫወት አድርጊ። የእናንተ ቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚያሳክኩ ቀያይ ነጥቦች መውጣታቸውም ፍንጭ ነው። ቤቱን ለመፈተሽ ነጭ ካልሲ አድርገሽ ውሻው በሚተኛበት አካባቢ ቀስ ብለሽ ተመላለሺ፤ ካሉ ካልሲው ላይ ዘለው ይወጣሉ።

ማሳከኩ በዋናነት ጆሮውና መዳፎቹ ላይ ከሆነ፣ ኩስም ፈጽሞ ካላገኘሽ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። እከክ፣ የጆሮ ሕመም፣ የምግብ አለርጂ ሁሉ ያሳክካሉ። እነሱን በግምት ማከም አይቻልም፤ ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አጥበሽው ለምን ተመለሰበት? አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ሴቷ ቁንጫ ደም በመጠጠች በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ውስጥ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። በቀን እስከ 50 ትጥላለች። እንቁላሉ ደግሞ አይጣበቅም። ከፀጉሩ ላይ እየተንሸራተተ ምንጣፉ ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ አልጋሽ ላይ፣ ውሻው ባለፈበት ሁሉ ይረግፋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል። እጩ ብርሃን አይወድም። ወደ ምንጣፍ ሥር፣ ወደ ወለል ስንጥቅ፣ ወደ ሶፋ ትራስ መሀል ይገባል። የሚመገበውም ከውሻው ላይ የሚረግፈውን ያንኑ የደም ኩስ ነው። ሲያድግ ዙሪያውን ክር ፈትሎ ራሱን ይሸፍናል። ክሩ ስለሚጣበቅ አቧራ ይለብስና ከምንጣፉ ለይቶ ማየት አይቻልም። በዚህ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ለሳምንታት፣ ሁኔታው ካልተመቸው ለወራት ሊቆይ ይችላል። የሚረጭ መድኃኒትም እዚያ አይደርስበትም። ሙቀት፣ ንዝረትና ትንፋሽ ሲሰማው ቀድዶ ይወጣና ይዘላል። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ቤት ሲከፈት በቁንጫ የሚወረሩ ሰዎች ነገርም ይሄው ነው። ሲጠብቃቸው ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስሌት ውሻው ላይ ያለው ጎልማሳ ቁንጫ ከጠቅላላው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ እንደሆነ ነው። ከመቶ 95ቱ በእንቁላል፣ በእጭና በሽፋን መልክ ቤት ውስጥ ተበትኗል። አንቺ በሻምፖ ያጠብሽው አምስቱን ነው። የቀሩት ተራቸውን ጠብቀው ወጡ። ሥራሽ ከንቱ አልነበረም፤ ግማሹ ብቻ ነው የተሠራው።

ስለዚህ ሦስት ነገር በአንድ ላይ መሄድ አለበት። ውሻው መታከም አለበት፣ ድመቷ መታከም አለባት፣ ቤቱ መጽዳት አለበት። አንዱ ከቀረ ድካም ነው። ድመቷን አደራ የምልሽ በውሾች ላይ በብዛት የሚገኘው ቁንጫ ራሱ የድመት ቁንጫ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ነው። ድመት ራሷን እየላሰች ስለምታጸዳ ምንም ላይታይባት ይችላል፤ ቁንጫው ግን እሷ ላይ ሆኖ እንቁላሉን ይጥላል።

ስለ መድኃኒቱ። ለውሻ የሚሆኑት በጥቅሉ ቆዳ ላይ የሚንጠባጠቡ፣ የሚዋጡና በአንገት የሚታሰሩ ናቸው። ከሚንጠባጠቡት ውስጥ ፊፕሮኒል፣ ኢሚዳክሎፕሪድና ሴላሜክቲን ይታወቃሉ። ከሚዋጡት አፎክሶላነር፣ ፍሉራላነር፣ ሳሮላነርና ሎቲላነር አሉ። አብዛኞቹ ለአንድ ወር ይሠራሉ፤ ፍሉራላነር እስከ 12 ሳምንት ይሄዳል። እኔ የሚዋጠውን እመርጣለሁ። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ውሻውን ሲያቅፍ እጁ ላይ የሚቀር ነገር የለም፤ ገላ ማጠብም አያበላሸውም። ነገር ግን ውሻሽ የሚጥል በሽታ ታይቶበት የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሪ እነዚህን እንዳትሰጪው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ እንስሳት ላይ መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ለብዙዎቹ ውሾች ችግር አያመጡም፤ ጥያቄው ግን መጠየቅ አለበት።

የሚንጠባጠበውን ከመረጥሽ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሀል፣ መላስ የማይችልበት ቦታ ላይ ፀጉሩን ከፍለሽ ቆዳው ላይ አድርጊው። ፀጉሩ ላይ የቀረ መድኃኒት ባከነ ማለት ነው። መድኃኒቱን ከማድረግሽ በፊት ባሉት ሁለት ቀናትም ሆነ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት በሻምፖ አትጠቢው። መጠኑ በክብደት ስለሚለያይ መዝኚው። የትልቅ ውሻ መድኃኒት ገዝቶ ለትንሹ ማካፈል አደገኛ ነው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዢልኝ። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል። ውሻው ላይ አድርገሽው ድመቷ አጠገቡ ከተኛች ወይም ከላሰችው እንኳን ልትመረዝ ትችላለች። የምትገዢውን ማሸጊያ አንብቢ፤ ይሄ ስም ካለበት አንቺ ቤት እንዳይገባ። ድመቷ ስትንቀጠቀጥ፣ ለሃጭ ሲያዝረበርባት ካየሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ሩጪ።

ለበረሮ የሚረጭ መርዝ፣ ለከብት ወይም ለእርሻ የተሠራ ኬሚካል፣ ነጭ ጋዝ፣ እነዚህን ውሻው ላይ እንዳታደርጊ። ነጭ ሽንኩርት አብሉት የሚልሽም ይኖራል። ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ ቁንጫውን ግን አያጠፋውም። እንደ ሻይ ዛፍ ዘይት ያሉ ጠንካራ የዕፅዋት ዘይቶችም ለውሻም ለድመትም መርዝ ናቸው። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል አያታልልሽ።

ገላውን ማጠብ ራሱ ጥሩ ነው፤ በዚያ ሰዓት ያሉትን ያጥባል። ስታጥቢው መጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን በአረፋ ሸፍኚው። አለዚያ ውሃ ሲነካቸው ወደ ፊቱና ወደ ጆሮው ይሮጣሉ።

አሁን ቤቱ። የውሻውን መኝታ ጨርቅ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ እጠቢ። ስታነሺው እንቁላሉ እንዳይረግፍ ወደ ውስጥ ጠቅልለሽ ያዢው። ምንጣፉንና ሶፋውን በቫኪዩም ጥረጊ፤ መጀመሪያው ሰሞን በየቀኑ ቢሆን ይመረጣል። የአልጋና የሶፋ ሥር፣ የግድግዳና የወለል መጋጠሚያ፣ የትራሶቹ መሀል እንዳይረሳ። እጩ ያለው ጨለማው ውስጥ ነው፤ መሀል ሜዳውን ብቻ መጥረግ አይጠቅምም። የጠረግሽውን ቆሻሻ በፌስታል ቋጥረሽ ወዲያው ከቤት አውጪው። ቫኪዩሙ ሌላ ጥቅምም አለው። ንዝረቱ ሽፋን ውስጥ ያሉትን ይቀሰቅሳቸዋል፤ ከወጡ ደግሞ መድኃኒት የወሰደው ውሻ ላይ ዘለው ይሞታሉ። ለዚህ ነው ውሻውን ወደ ውጭ አታባሪው የምለው። የታከመ ውሻ በለመደበት ቦታ ሲመላለስ ቤቱን ያጸዳልሻል።

ቤቱን መርጨት ግዴታ አይደለም። ቁንጫው በጣም ከበዛ ሜቶፕሪን ወይም ፓይሪፕሮክሲፈን ያለበት ይሻላል፤ እነዚህ እንቁላሉና እጩ እንዳያድግ ያደርጋሉ። ብዙዎቹ ምርቶች ላይ ጎልማሳውን የሚገድል መርዝም አብሮ ስለሚኖር ስሙን በደንብ እዪ። ሲረጭ ልጁም እንስሳቱም ይውጡ፤ ወለሉ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ቤቱ እስኪናፈስ አይመለሱ። ዓሣ ካለሽ ገንዳውን ሸፍኚ።

ግቢ ካላችሁ ፀሐይ የሚመታው ሜዳ አያስጨንቅሽ፤ እጩ ደረቅና ሞቃት ቦታ ላይ አይኖርም። ውሻው የሚተኛበትን ጥላ፣ እርጥበት ያለበትን ጥግ፣ የተከመረ ቅጠል አጽጂ።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ እንዳታቋርጪ ነው። መድኃኒቱን ከሰጠሽው በኋላ ለሳምንታት ቁንጫ ልታዪ ትችያለሽ። መድኃኒቱ አልሠራም ብለሽ ሌላ ላዩ ላይ እንዳትጨምሪ፤ መደራረብ ውሻውን ይጎዳዋል። የምታዪያቸው አዲስ ከሽፋን የወጡ ናቸው። ቢያንስ ለሦስት ወር ቀኑን ሳታሳልፊ ስጪው። በዚህ መሀል እንቁላል የሚጥል ስለማይኖር ምንጫቸው ይደርቃል። ቀኑ እንዳይረሳሽ ስልክሽ ላይ ማስታወሻ አድርጊ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቁንጫ በሚበዛበት ወቅት፣ አየሩ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ከሆነም ዓመቱን ሙሉ መከላከያው ይቀጥል። በሳምንት አንዴ ማበጠሩን አትተዪ። አዲስ ውሻ ወይም ድመት ሲመጣ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት አበጥሪው። ያገለገለ ምንጣፍና ሶፋም ቁንጫ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ፈትሺው።

ቡችሎች ያላችሁ ሌሎችም ይሄን ካነበባችሁ፣ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ከ8 ሳምንት በታች ለሆነ ቡችላ አይሰጡም። እስከዚያው በማበጠሪያ ልቀሙለት፣ የእናቱን ሕክምና ደግሞ ሐኪም ይወስን። የቡችላውን ድድ እዩ። ነጣ ካለና ከደከመ ቁንጫው ደሙን ጨርሶበታል ማለት ሊሆን ይችላልና ለነገ አትበሉ።

የውሻሽ ቆዳ ቆስሎ ከሆነ፣ ፀጉሩ ከረገፈ፣ ወይም መጥፎ ሽታ ካለው በማበጠሪያና በጠብታ ብቻ አይድንም። ቁስሉ በባክቴሪያ ተበክሎ ሊሆን ስለሚችል የራሱ ሕክምና ይፈልጋል። እንደዚያ ከሆነ መድኃኒት ከመግዛትሽ በፊት ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ የቁንጫውንም እዚያው በክብደቱ ልክ ያዙልሻል። ካልቆሰለ ግን ዛሬ ማታ በእርጥብ ሶፍቱ ጀምሪና ያገኘሽውን እዚሁ ጻፊልን። ድመቷ ስንት ወሯ እንደሆነና ውሻሽ ስንት ኪሎ እንደሆነም ብትነግሪን ከዚያ ተነስተን እንመካከራለን።