ለወረደው የእናትዎ ማህፀን የታሰበውን ቀዶ ሕክምና በተመለከተ

ውድ እህቴ፣ የእናትዎ ማህፀን ወርዶ መውጣቱን፣ ሲያስላቸውም ሽንት እንደሚያመልጣቸው ገልጸው፣ ሐኪሙ በላፓሮስኮፒ ሜሽ (የወረደውን አካል ደግፎ የሚይዝ ሰው ሠራሽ መረብ) እንዲገባላቸው ስለመከረ «ሜሽ ተከልክሏል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንስማማ ወይስ ይቅር?» ብለው ጠይቀዋል። ይኸው ቀዶ ሕክምና እዚሁ ሜሪላንድ ተደርጎልኛልና የማውቀውን ልንገርዎ።

የሰሙት እገዳ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚመለከተው ሌላ አሠራርን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ከገበያ እንዲወጣ ያዘዘው፣ ለማህፀን መውጣት በብልት በኩል የሚገባውን ሜሽ ነው። በላፓሮስኮፒ ግን ሐኪሙ ሆድ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ከፍቶ፣ በካሜራ እያየ፣ የሜሹን አንድ ጫፍ ከብልት የላይኛው ክፍል፣ ሌላውን ከወገብ በታች ካለው አጥንት ጅማት ጋር ይሰፋዋል። ይህም ቢሆን ከጉዳት ነፃ አይደለም፤ ሜሹ ቆይቶ የብልትን ግድግዳ ሊበሳ ይችላልና ያለ ሜሽ በስፌት ብቻ የሚሠራ አማራጭ መኖሩን ይጠይቁ። ቀዶ ሕክምና ለማይፈልጉም በብልት ውስጥ የሚቀመጥ ፔሳሪ የሚባል ደጋፊ ቀለበት አለ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሽንቱ ጉዳይ ነው። ማህፀኑ ወደ ቦታው ስለተመለሰ ብቻ ሽንት ማምለጡ ይቆማል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የወረደው አካል የሽንት ቱቦውን አጥፎ ይዞት ከነበረ፣ ከተነሣ በኋላ ሊብስ ይችላል። ለእኔ አስቀድመው ፊኛዬን በውኃ ሞልተው፣ የወረደውን በእጅ ወደ ላይ ደግፈው ቆሜ እንዳስል አደረጉኝ፤ ተደብቆ የነበረው መፍሰስ ያን ጊዜ ስለታየ፣ የሽንት ቱቦውን ከሥር የሚደግፍ ስሊንግ በዚያው ቀዶ ሕክምና ተጨመረልኝ። ይህ ምርመራ ለእናትዎ መደረጉን ያረጋግጡ። ሽንቱ የሚያመልጣቸው ሲያስሉ ሳይሆን ድንገት አጣድፏቸው ከሆነ ግን ስሊንግ መፍትሔው አይደለም፤ ያ በመድኃኒትና ፊኛን በማለማመድ የሚታከም ነው።

ይህን ልዩነት ለሐኪሙ ማስረዳት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እናቶቻችን ደግሞ በልጃቸው፣ በተለይም በወንድ ልጃቸው አስተርጓሚነት እንዲህ ያለውን ነገር አይናገሩም። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ደውለው አማርኛ የምትናገር ሴት አስተርጓሚ እንድትመደብላቸው ይጠይቁ፤ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ የሚያቀርቡት በነፃ ነው።