አንድ ሴሚስተር በኪዮቶ፦ የተማርኩት ጃፓንኛ ያዘልቀኛል?

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጃፓንኛ ሁለት ዓመት ተምሬ የኤን 4 የብቃት ፈተና አልፌያለሁ። በተማሪዎች ልውውጥ ከኦክቶበር ጀምሮ አንድ ሴሚስተር በኪዮቶ እማራለሁ። በጃፓንኛ የሚሰጡ ሌክቸሮችን መከታተል እችላለሁ ወይስ በእንግሊዝኛ የሚሰጡትን ብመርጥ ይሻለኛል? የትርፍ ሰዓት ሥራስ ለቋንቋው ይጠቅመኛል?

መልስ፦ የጃፓንኛ የብቃት ፈተና ከኤን 5 እስከ ከፍተኛው ኤን 1 አምስት ደረጃዎች አሉት፤ ከጃፓናውያን ተማሪዎች ጋር መደበኛ ትምህርት ለመከታተል ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ኤን 2ን ወይም ኤን 1ን ነው። በኤን 4 የሕግ ወይም የኢኮኖሚክስ ሌክቸር ውስጥ መቀመጥ ብዙም ሳይገባዎት ወራቱን ይጨርስብዎታል። ይህን ስል ግን ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይውሰዱ ማለቴ አይደለም። ለልውውጥ ተማሪዎች የሚሰጠውን የጃፓንኛ ትምህርት ዋና ሥራዎ አድርገው፣ በእንግሊዝኛ ከሚሰጡት ለክሬዲት የሚያስፈልግዎትን ያህል ብቻ እንዲመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ እንግሊዝኛው በበዛ ቁጥር ጓደኞችዎ የውጭ አገር ተማሪዎች ብቻ ይሆናሉና። ክሬዲቱ የሚያዝልዎት መሆኑን ግን ከመሄድዎ በፊት ከትምህርት ክፍልዎ ያረጋግጡ።

ይበልጥ ሊያሳስብዎት የሚገባው ንግግሩ ነው። የብቃት ፈተናው የንግግር ክፍል ስለሌለው፣ የያዙት የምስክር ወረቀት ስለ ንባብና ስለ ማዳመጥ እንጂ ስለ አንደበትዎ የሚናገረው ነገር የለም። በክፍል በቅድሚያ የተማሩት፣ ዓረፍተ ነገሩ በ«ዴስ» እና በ«ማስ» የሚያርፍበት የትሕትና ጃፓንኛ ነው። ለመምህር፣ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛና ለማያውቁት ሰው ትክክለኛው ይኸው ነው፤ እኩዮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ግን እነዚህ ማሰሪያዎች በሌሉበት አጭር መልክ ሲሆን፣ እንደ «ዋ» እና «ኦ» ያሉት ትንንሽ ቃላትም በንግግር መካከል ይዋጣሉ። በኪዮቶ በተጨማሪ ከተማዋ የምትገኝበት የካንሳይ አካባቢ ዘዬ ይጠብቅዎታል፤ «አልገባኝም» ለማለት በመጽሐፍ «ዋካራናይ» ብለው የተማሩትን እዚያ «ዋካራሄን» ሲሉት ይሰማሉ። ስለዚህ እስኪሄዱ ባለው ጊዜ አዲስ የካንጂ ፊደላትን ከማብዛት ይልቅ ወጣቶች ሳይዘጋጁ የሚጨዋወቱበትን ድምፅ ደጋግመው ያዳምጡ።

አማርኛዎ እዚህ ላይ ያግዝዎታል። ግሥን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ማሰር፣ እንደ አድማጩ ክብር አነጋገርን መለወጥ፣ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅን መለየት ከልጅነትዎ የለመዱት ነው። የሚያስቸግርዎት የአናባቢ ርዝመት ይሆናል፤ «ኦባሳን» አክስት ስትሆን፣ «ባ» ሲረዝም ግን አያት ትሆናለች።

ሌላው አዳማጭ ሆኖ መገኘትን መማር ነው። ጃፓናውያን ሰው ሲናገር በየመሐሉ «ሃይ»፣ «ኡን»፣ «ሶ ዴስ ኔ» እያሉ መከታተላቸውን ያሳውቃሉ። አይዙቺ የሚባለው ይህ ልማድ እየሰማሁ ነው ማለት እንጂ እስማማለሁ ማለት አይደለም፤ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ያልገባው ወይም የተሰላቸ ሊመስል ይችላል። ይህን የለመደ ተማሪ ቃላቱ ጥቂት ቢሆኑም ጨዋታው አይቋረጥበትም፤ ተናጋሪውም ወደ እንግሊዝኛ ለመዞር አይቸኩልም።

ይህ ሁሉ የሚለመደው በተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ነው። ሰርክል የሚባሉት የስፖርት፣ የሙዚቃና የልዩ ልዩ ፍላጎት ማኅበራት አዲስ አባል በሰፊው የሚቀበሉት የትምህርት ዘመኑ በሚጀመርበት በኤፕሪል ነው። እርስዎ በኦክቶበር ስለሚደርሱ ጥሪ ሳይጠብቁ ራስዎ አስቀድመው ይጻፉላቸው። በማኅበሩ ውስጥ እኩያን በአጭሩ መልክ፣ ቀዳሚ ተማሪን ደግሞ በትሕትናው ማነጋገር ስላለብዎት፣ ሁለቱንም በአንድ ምሽት ይለማመዳሉ።

ሥራን በተመለከተ፣ የተማሪ ቪዛ ብቻውን የመሥራት መብት አይሰጥም። ፈቃዱን ግን መጀመሪያ ሲገቡ በአውሮፕላን ማረፊያው ማመልከት ይቻላል፤ ሲያገኙትም በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላሉ። የምግብ ቤት መስተንግዶ የደንበኛ አክብሮት ንግግርን ያስተምራል፤ ነገር ግን የሚደጋገሙት ዓረፍተ ነገሮች ጥቂት በመሆናቸው ትምህርቱ ቶሎ ያልቃል። ገንዘቡ የግድ ካላስፈለገዎት ምሽቶችዎን ለማኅበሩ ቢሰጡ እመርጣለሁ።

መኖሪያዎ በተወሰነ በ14 ቀናት ውስጥ አድራሻዎን በአካባቢው የማዘጋጃ ቤት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። ቆይታዎ ከሦስት ወር ስለሚበልጥ በዚያው ቀን ብሔራዊ የጤና መድን ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ መድኑ ከሚሸፍነው ሕክምና ከወጪው የሚከፍሉት 30 በመቶውን ነው። የኤን 3 ፈተና ለመውሰድ ካሰቡ፣ በጃፓን የሚሰጠው በጁላይና በዲሴምበር ነው። የዲሴምበሩ ምዝገባ እርስዎ ሳይደርሱ ሊዘጋ ስለሚችል ቀኑን ከአሁኑ ይጠይቁ።